«አስተኛሁት» ያሉት ጋላቢ

የእኚህን ጋላቢ ጉሮሮ የዘጉት፣ አሁን ከፊት ወንበር ላይ መሐረብ ይዘው የተቀመጡት የፈረስ በረቱ አሰልጣኝ ናቸው፤ አንቱ የተባሉትም ለሽበታቸው እንጂ ለሥራቸው አይደለም። ይህ የሟች ባለቤት ቃል ነው፤ የሚያነብላችሁ የባለቤታቸው ወንድም ስለሆነ እሱን አትቆጡት።

ሟች ከጋሪ ነጂ አባታቸውና ልብስ አጥበው ከሚያድሩት እናታቸው ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው የኮቴውን ድምፅ እየሰሙ፣ የአባታቸው ፈረስ ደክሞ ይሁን በርትቶ እንደሚመጣ ይለዩ ነበር። ትምህርቱን እስከ አራተኛ ክፍል ገፍተው፣ መምህራቸው «የዚህ ልጅ ጆሮው ይማራል፣ ዓይኑ ግን አልገራ አለኝ» ብለው ቢያሰናብቷቸው፣ ሰውነታቸው ቀላል ነበረና የእሽቅድምድም ፈረሶች በረት ገቡ።

እዚያም አሰልጣኙ ሙያውን አስተማሯቸው፤ ይህን ባለቤታቸው አይክዱም፣ እውነት የጠላትም ብትሆን እውነት ናት። መጀመሪያ የፈረጠጠ መጨረሻ ላይ ይንፏቀቃልና፣ ጋላቢ የልጓሙን ዛብ ላላ አድርጎ፣ የፈረሱን ትንፋሽ በጭኑ እያዳመጠ፣ ግማሹን መንገድ አረጋግቶ ጉልበቱን ለመጨረሻው ያቆያል። ይህን ማረጋጋት አሰልጣኙ በገዛ አፋቸው «ማስተኛት» ይሉት ነበር። «አስተኛው! አስተኛው እንጂ አንተ!» እያሉ ከአጥሩ ማዶ ሲጮኹ ሰፈር ይሰማል። ተመልካች ሟችን «እንቅልፎ» ብሎ ይሥቅባቸው ነበር፤ እንቅልፎ ግን መጨረሻው ላይ ብድግ ብለው ሁሉንም ያልፏቸዋል።

የጋላቢዎችን ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ባለቤታቸው እሳት፣ እሳቸው ውሃ ነበሩ፤ «ቀስ በይ እንጂ፣ ገና ምኑን ያዝነውና» ሲሏቸው፣ «አንተን ስጠብቅ ልጆቹ ያረጃሉ» እየተባሉ ተቻችለው ኖሩ።

በትልቁ ውድድር ቀን ግን ተሳሳቱ፤ ሰው ናቸውና። ከፊት የሚመራው ጋላቢ ፈጥኖ ወጥቶ፣ መሐል ላይ ማንም ሳይነቃበት ፈረሱን አሳረፈ፤ ሟች ይደክማል ብለው ሲጠብቁት እሱ አርፎ ጠበቃቸው፤ በአንገት ተቀደሙ። ባለ ፈረሱ፣ ፎቅ አከራይ እንጂ ፈረስና በቅሎ የማይለዩ ጌታ፣ «ምን አድርገኸው ነው?» ብለው ሲያፈጡባቸው፣ ሟች በየዋህነት «አስተኛሁትና፣ ጌታዬ፣ ሳልቀሰቅሰው መስመሩ ደረሰ» አሉ። «ሰማችሁ? መድኃኒት ሰጥቶ አስተኝቶታል!» ብለው ጌታው ጮኹ። ዳኞቹ አሰልጣኙን ጠርተው «ይህ የሙያ ቃል ነው ወይ?» ቢሏቸው፣ እኚሁ መምህር ጫማቸውን እያዩ «እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም» አሉ። ሟች ዳግመኛ ኮርቻ ላይ እንዳይወጡ ታገዱ፤ ልጆቻቸውም በየመንገዱ «የመራዡ ልጆች» ተባሉ።

ከዚያ ወዲያ እስከ ጡረታቸው አውቶቡስ ነዱ። ተሳፋሪው «ንዳው እንጂ፣ ቀብር ነው እንዴ!» እያለ ያሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን እየረጉ ሄደው መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ይደርሳሉ፣ ቀዳሚዎቻቸው ሁሉ ቀይ ላይ ተገትረው። ስለዚያ ቃል አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥተው አልተናገሩም። ሐኪሞቹ የልብ ድካም አሉት፤ ባለቤታቸው ግን ሕመሙን ከነስሙ ያውቁታል።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ያልጠራ ስማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ምስክር በማይዋሽበት አገር ያሳርፍልን።

የበረቱ አበባ የት ገባ ለምትሉ ደግሞ፦ ትናንት ከሰዓት አሰልጣኙ ጉንጉን አበባ አስይዘው መጥተው፣ የሟችን ባለቤት ወደ በሩ ጠርተው «እኔማ አውቅ ነበር እቴ፤ ያን ጊዜ ብናገር ባለ ፈረሱ ፈረሶቹን ሁሉ ነቅለው ይወስዱብኝ ነበር» አሏቸው። «እንግዲያው ነገ በሰው ፊት ይናገሩት» ቢባሉ፣ «አሁን ለሙት ምን ይረባዋል?» ብለው ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱ። ዛሬ ማለዳ ባለቤታቸው ያንን ጉንጉን በትከሻቸው ተሸክመው በረት ድረስ በእግራቸው ሄዱና፣ ጠባቂዎቹ እያዩ ግርግም ውስጥ ወረወሩት፤ አንዲት ግራጫ ባዝራ አሽትታ ተወችው።