የሠርጉ ፎቶ ጥግ

እኛ ቤተሰቦቻቸው «ጋሼ»፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ቀና በሉ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ የእኅቴ ባለቤት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ቁልፍ በመትከል ባላቸውን ያግዙ ከነበሩት እናታቸው የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላም፣ የአባታቸው ዐይን እየደከመ በመሄዱ ቤቱን ለመደገፍ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥረው፣ መጀመሪያ ወለል በመጥረግ፣ ቀጥሎም ጨለማ ክፍል ገብተው ፊልም በማጠብ ሙያውን ተማሩ፤ አሠሪያቸው ሲያረጁም ቤቱን ተረከቡ።

በሥራቸው እልኸኛ ነበሩ። አገጩን ሳያቀና ከፊታቸው የተነሣ ሰው የለም፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። ሞተው ተኝተው ሳሉ መዋሸት አያምርብኝምና፣ ፀጉሩን አላበጥርም ያለ ደንበኛም አባረዋል። እኅቴን ያገኟት ለመታወቂያ ልትነሣ ሄዳ ነው፤ ደጋግመው ቀና በይ ቢሏት፣ ከዚህ በላይ ቀና ካልኩ ጣሪያውን ነው የምታነሣው ብላቸው ሳቁ፤ በዚያው ዓመትም ተጋቡ።

አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በአራስነቷ የተነሣችው ፎቶ አለ፤ ከብርድ ልብሱ መካከል የሚታየው ግን አፍንጫ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ፀጉሯ እስኪያድግ፣ ጉንፋኑ እስኪለቃት፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ እስኪበቅል እያሉ ቀጠሯት፤ የሰው ልጅ ሁሉ በእጃቸው ሲነሣ የራሳቸውን ለተሻለ ቀን አስቀመጧት። ጥርሷ ሳይበቅል ትኩሳት ወሰዳት።

ዓመታት አለፉ፤ ሰው ሁሉ ራሱን በስልኩ የሚያነሣበት ዘመን መጣና የጨለማው ክፍል ማጉያ ለቁራሌ ተሸጠ፣ የድሮው ፊልምም በርጥበት ተጣብቆ ተበላሸ። በዚህ መካከል አንዲት ደንበኛ የሠርጓን አልበም ልታስጠግን ስታመጣ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ፣ ከበሩ ሥር፣ የካሜራ ቦርሳ በደረቷ ያቀፈች ልጅ አዩ። ቦርሳው የእሳቸው፣ ልጅቱም የእሳቸው ነበረች፤ ያን ቀን አብራቸው ሄዳ ነበር። ፎቶውን ያነሡት ራሳቸው ሲሆኑ፣ ዐይናቸው ሙሽሮቹ ላይ ስለነበር አላዩአትም። ፊቷ የስንዴ ፍሬ አያህልም።

ደንበኛዋ ፎቶውን ተወችላቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ፊት ከማጉላት በቀር ሌላ ሥራ አልሠሩም። ያረጁ ሌንሶቻቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ የተገለበጠ ሌንስ ቅርቡን ያጎላልና አንዱን ፊቱን ወደ ካሜራው፣ ጀርባውን ወደ ፎቶው አዙረው በእጃቸው ደግፈው አነሡ። አልበቃቸውም፤ የጨርቅ መጠቅለያ የካርቶን ቱቦ ቆርጠው፣ ውስጡን ጥቁር ቀብተው በካሜራውና በሌንሱ መካከል ሰኩበት። ያም ሲያንስባቸው ሁለት ሌንስ ፊት ለፊት በፕላስተር አጋጠሙ። በዚያ ቅርበት ጠርቶ የሚታየው ርቀት ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሌንስ ማዞር አይረዳም፣ ሰውየው ራሱ ትንፋሹን ውጦ ወደፊትና ወደኋላ ማለት አለበት። እኅቴ መብራት ትይዝላቸው ነበር፤ የተነሣውን ግን አንድም ቀን አላየችም።

በቀረቡ ቁጥር ፊቷ ሸሸ። ጉንጭ ያሉት የቀለም ነጠብጣብ፣ ዐይን ያሉት የወረቀት ቃጫ ሆነ። መብራቱን ወቀሱ፣ ጠረጴዛውን ወቀሱ፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን መኪና ረገሙ። ኮምፒውተር የሚሠራ ጎረቤት ዐይንና አፍ ሠርቼ ላስገባላት ቢላቸው፣ የማንን ልጅ ፊት ልትለጥፍባት ነው ብለው ከቤት አስወጡት። ማታ ማታ ፎቶውን ከራስጌያቸው አድርገው ይተኙ ነበር።

ሳንባቸው ሲታመም ትንፋሽ መያዝ ተሳናቸው፤ ሳሉ ሁሉንም ያበላሽባቸው ጀመር። ያን ጊዜ እኅቴ መብራቱን ለእሳቸው አስይዛ ካሜራውን ተቀበለች፣ አነሣች፣ ለመጀመሪያ ጊዜም አየች። «ፊቷ አይለይም። ሠርገኛው ሁሉ ሙሽራዋን ነው የሚያየው፣ እሷ ግን ቀና ብላ አንተን ነው የምታየው» አለቻቸው። አልተጽናኑም። «ብዥ ብሏል፣ ድገሚው» አሏት። እየደገመች ሳለ ዐረፉ።

የራሳቸው ፎቶ የለም፤ እሳቸውን ቀና በሉ ያላቸው አልነበረምና። ስለዚህ ከሬሣው ሣጥን ላይ ያኖርነው እኅቴ መጨረሻ ላይ ያነሣችውን ነው። ይህ ብዥ ያለ ነገር ምንድን ነው እያላችሁ ስትንሾካሾኩ ሰምተናል። ልጃቸው ናት፤ የምታየውም እሳቸውን ነው።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ እኛን ዘመዶቻቸውንና በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ ቀና ብሎ የቀረውን ሰው ሁሉ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ እዚህ የሸሻቸውንም ፊት፣ ከነወለቀው ጥርሱ፣ አጥርቶ ያሳያቸው።