ዳፍንትና ኩድራ

ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ከሱዳኑ የቁረይሻ ገበያ ወደ ሰሊጥ እርሻዎቹ የሚመለስ አንድ ትራክተር ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ቀረ። የዚያን አገር የነሐሴ ጭቃ ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ ደግሞ አይየው። ሾፌሩ ሁዜይፋ ጥቂት ከታገለ በኋላ «ኸላስ፣ በቃ» አለና የሚጎትተው ሌላ ትራክተር ሊፈልግ በእግሩ ሄደ። ተጎታቹ ላይ ሁለት መንገደኞች ብቻ ቀሩ።

አንደኛው ጋሽ ወልደ ማርያም ናቸው። ከጭልጋ እየወረዱ ሰሊጥ ሲያርሙና ሲያጭዱ አሥራ አራት ክረምት ያሳለፉ፣ የአሥር ሠራተኞች አለቃ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ጾማቸው የማይሻር ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ዕፀገነት ትባላለች። እናቷ ጎንደሬ ትሁን እንጂ እሷ ተወልዳ ያደገችው ገዳሪፍ ነው፤ ነርስነት ተምራ በሳምንት አንድ ቀን በየእርሻው እየዞረች ወባ የያዘውን ታክማለች። አማርኛዋ የእናቷ ነው፤ ስትቸኩል ግን ዓረብኛው ይቀድማታል።

ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ። የማን ልጅ ነሽ፣ ከወዴት ነዎት ሲባባሉ የእናቷ አገር ከእሳቸው ቀዬ የግማሽ ቀን መንገድ ሆኖ ተገኘና ወዲያው ዘመድ ሆኑ። የእኛ ሰው ባዕድ አገር ሲገናኝ ይህ አይቀርም። እንዲህ ሲጫወቱ ፀሐይ ጠለቀች። ገና ሰው ከሰው በሚለይበት ብርሃን ዕፀገነት ውሃ በጣሳ ቀድታ ዘረጋችላቸው። የሽማግሌው እጅ ከጣሳው አንድ ስንዝር ርቆ አየሩን ጨበጠ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም ሳቱት።

ልጅቱ እጃቸውን ይዛ ጣሳው ላይ አኖረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ዳፍንት ይዞዎታል መሰለኝ» አለቻቸው።

ጋሽ ወልደ ማርያም ውሃውን ሳይጠጡ ቆዩ። ወር ሙሉ የደበቁት ነገር ነው። ቀን ቀን ዓይናቸው እንደ ወትሮው ያያል፤ ፀሐይ ስትገባ ግን ዓለሙ ሁሉ ይጨልምባቸዋል። ለሠራተኞቻቸው አልተናገሩም፤ ለዕውር አለቃ ማን ይታዘዛል? ጸሎት አለብኝ እያሉ በጊዜ ምንጣፋቸው ላይ ይወጡ ነበር። አሁን ግን ለዚህች ገና ለተዋወቋት ልጅ ሁሉንም ዘረገፉላት። አባታቸው በስተርጅና በዱላ ይመሩ ነበርና የእሳቸውም ዕጣ ያው መስሏቸዋል። ቁረይሻ የሄዱትም ለገበያ አልነበረም፤ ወደ መተማ የሚሻገር መኪና ሊጠይቁ ነው።

«ነገ ጠዋት ሥራውን ጥዬ አገሬ እገባለሁ» አሉ። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ የልጆቼን ፊት ልይበት።»

ዕፀገነት ሕመም እንዳለው፣ ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የለም አሉ። ለዚህ የሚሰጥ ክኒን መኖሩን፣ ነገር ግን በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት ከጤና ጣቢያው ካለቀ ሦስት ወር ማለፉን ነገረቻቸው።

«መድኃኒቱንማ መች አጣሁት» አሉ ሽማግሌው። «የፍየል ጉበት ነው፤ አባቶቻችን የሚያውቁት። ግን ፍልሰታ ነው ልጄ። ዓይኔ ይጥፋ እንጂ ጾሜን አልሽርም።»

«ማን ይሻሩ አለዎት? ወላሂ፣ እኔም ጿሚ ነኝ።»

«ጿሚ ሆነሽ በወላሂ ትምያለሽ?»

ሳቀች፤ እሳቸውም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ከዚያ ምን እንደሚበሉ ጠየቀቻቸው። በጾም አሲዳ፣ ያ የማሽላው ገንፎ ማለት ነው፣ በበርበሬ። ከጾም ውጭ አሲዳ በቋንጣ፣ ያውም ሲገኝ። ቅጠላ ቅጠልስ ብትላቸው ቅጠል የፍየል ነው ብለው አሳጠሩት።

«ቀኑን ሙሉ ከሰሊጡ መሃል የምትነቅሉት ኩድራስ?»

ኩድራ፣ ለማያውቀው፣ ማንም ሳይዘራው በክረምት በእርሻ መሃል የሚበቅል ለምለም ቅጠል ነው። ሱዳኖቹ ወጥ አድርገው ይበሉታል፤ ደገኛው ግን ይዝለገለጋል ብሎ ይጸየፈዋል። አራሚው እየነቀለ ይጥለዋል፤ ፍየሎቹ ከኋላው እየተከተሉ ይለቅሙታል።

«አረም ብላ ነው የምትይኝ?» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም። «አባቶቻችን የጾሙት ጥሬ ቆርጥመው ነው። ጾም ሥጋን ማድከሚያ ነው እንጂ የወጥ ዓይነት መምረጫ አይደለም።»

«የዋልድባ መነኮሳትስ ምን ይበላሉ አባባ?»

ሽማግሌው ይህን ያውቁታል። ዋልድባን ረግጠዋል፤ እህል የማይቀምሱ አባቶች ከሥራ ሥርና ከቅጠል ጋር ሲኖሩ በዓይናቸው አይተዋል። «እነሱ ሌላ ናቸው» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ላልቷል።

«ጾም ሥጋና ወተት ተዉ አለ እንጂ ቅጠል ተዉ አላለም። ሥጋን ያድክም ማለትስ ዓይን ያጥፋ ማለት ነው እንዴ?»

«ይሁን። ጉበት ዳፍንትን እንደሚያድን ግን ያየሁት ነው። ቅጠል ምን ቤት ነው?»

«ልክ ነዎት፣ ጉበቱ ውስጥ ዓይን የሚያበራ ነገር አለ። ፍየሏስ ከየት አመጣችው? ከቅጠሉ አይደለም? እናንተ ትነቅላላችሁ፣ እሷ ከኋላችሁ ትለቅማለች፤ ከዚያ እሷን አርዳችሁ የጣላችሁትን ሆዷ ውስጥ ትፈልጋላችሁ።»

ይህች ቃል ሽማግሌውን ያዘቻቸው። ሰው በሰማው ጥቅስ ብዛት አይረታም፤ በየቀኑ እያየ ባላስተዋለው ነገር ነው የሚረታው። አሥራ አራት ክረምት ሙሉ በድንጋይ ያባረሯቸው ፍየሎች ትዝ አሏቸው። ከእነዚያ ሁሉ አንዷ እንኳ ማምሻ ላይ ገደል ገባች ሲባል አልሰሙም።

ዕፀገነት አላቆመችም። ኩድራው በሰሊጥ ዘይት ይሠራ፣ ቅባት ካልነካው ዓይን አይደርስም አለች። እስቲ ይታያችሁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሰሊጥ እያረሙ የሰሊጥ ዘይት የማይቀምሱ ሰዎች! ምስር ይጨመርበት፣ ብጫው ዱባም ሲገኝ አይለፍ አለች። ፀረ አረም መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ግን አንድ ቅጠል እንዳይነኩ፣ በእጅ ከሚታረመው ብቻ እንዲለቅሙ አስጠነቀቀች። «ፍልሰታ እስኪፈታ ይቆዩልኝ» አለች። «ካልበራልዎ እኔው ራሴ ገዳሪፍ የዓይን ሐኪም ዘንድ እወስድዎታለሁ።»

ጋሽ ወልደ ማርያም ቃል ሰጡ። ተጠራጥረው ነው የሰጡት፣ ግን ሰጡ።

ሌሊቱን ሁዜይፋ የሚጎትት ትራክተር ይዞ ተመለሰ፤ በማግሥቱ የሠራተኞቹ ሰፈር ውስጥ ሳቅ ሆነ። ለሁሉ የሚያበስለው ቻላቸው የሚባል ቀልደኛ ጎልማሳ «ጋሼ፣ ቀን ያረምነውን ማታ ልንበላው ነው?» አለ። ለአለቃው ሊሠራላቸው እሺ አለ፤ እሱ ግን በሬ እንዳልሆነ ተናግሮ አሲዳውን በበርበሬ በላ። ጋሽ ወልደ ማርያም የመጀመሪያዋን ጉርሻ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ። በሦስተኛው ቀን ለመዱት። በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰው አብሯቸው ቀረበ፤ በሳምንቱ ስድስት ሆኑ። ዓይናቸው ግን እንዳለ ነበር።

ዕፀገነት ስትዞር መጣችና ተቆጧት። እሷም አንድ ወር የጠፋ ብርሃን በሳምንት እንደማይመለስ ነግራ፣ «ትዕግሥት ያስተማራችሁን እናንተ አይደላችሁ እንዴ?» ብላ ሄደች። እዚህ ላይ ልጅቷ ደፍራለች፤ እውነቷን ግን ነበር።

ነገ ጾሙ ሊፈታ፣ ዛሬ ማምሻውን ሁሉም ለምግብ ተቀመጡ። ፀሐይ ገብታለች። ጋሽ ወልደ ማርያም እንደ ልማዳቸው በጊዜ ሊነሱ ሲሉ የምድጃው ጭስ ወደ ምዕራብ ሲያጋድል አዩ። ቆሙ። ከጭሱ ማዶ የሰው ትከሻ፣ ከትከሻው በላይ ፊት፣ ከፊቱ ቀጥሎ ሌላ ፊት። ቆጠሩ፤ አሥር። መልሰው ተቀመጡ። «ተመስገን» አሉ፣ ደጋግመው «ተመስገን» አሉ፣ ደረታቸው ላይ የከረመው ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ለሠራተኞቻቸው ተናገሩ፤ መደበቃቸውን፣ ጥለው ሊሄዱ መነሳታቸውንም ሳይቀር።

ማንም አልሳቀም። ከዳር ቻላቸው ተናገረ።

«እኔንም ይዞኛል ጋሼ። ከሐምሌ ጀምሮ። አገርህ ግባ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው።» አሲዳውን ገፋ አደረገ። «ነገ ፍየል ይታረዳል። ጉበቱን ለእኔ።»

«ብላ፣ አልከለክልህም፤ መድኃኒት ነው» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም። «ከነገ ወዲያስ? ፍየል በየቀኑ አይታረድም፤ ኩድራ ግን በየቀኑ ይበቅላል። ዘር አይፈልግ፣ ማሳ አይፈልግ። አሲዳው ሲበስል እሱም አብሮ ይደርሳል፤ ሥጋ ለመቀቀል እያልን በማገዶ የምንጨርሰው ግራርም ይተርፋል። እነሆ አሥራ ሁለት ቀን በላሁት፤ ሆዴ ቀለለኝ፣ ቀን ስሠራ ጉልበቴ አልሰነፈ፣ ጾሜም አልተነካ። ጎመን በጤና እያልን እንተርት ነበር፤ ተረቱን ይዘን ጎመኑን ጣልነው።»

እነሱ ከዚያ ወዲህ ኩድራን ከአረም ለይተው መልቀም፣ ለበጋም አድርቀው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ከአጎራባች እርሻዎችም አሠራሩን እየመጡ የጠየቁ አሉ። በዚያ ምሽት ግን ጋሽ ወልደ ማርያም ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኩድራ ሳህናቸውን ይዘው ቻላቸው አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

«ጋሼ» አለ ቻላቸው፣ «እውነት አሁን እኔን ያዩኛል?»

«አይሃለሁ። እያለቀስክ ነው። በል፣ አሁን ብላ።»