በፈቃድ የሚጮኽ ጅብ

የደብረ ታቦር የነሐሴ ዝናብ ሰው አይመርጥም፤ ባለመኪናውንም ባለከዘራውንም እኩል ከአንድ በረንዳ ሥር ያስጠልላል። ደረጄም በዚያን ዕለት ከሁሴን ሱቅ በረንዳ የገባው ወዶ አልነበረም። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ እንደያዘ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ዝናቡ ቀደመው። ከበሩ አጠገብ ጋሽ ይሻው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቃጫ ይገምዱ ነበር። ቡሄ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፤ የሰፈሩ ልጅ የሚያጮኸው ጅራፍ ሁሉ ከእሳቸው እጅ የወጣ ነው።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ይሻው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጠጋ በል፣ ልጄ። ፊትህ ከሰማዩ ይልቅ ጠቁሯል፤ ምን አገኘህ?"

ደረጄ ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀ፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት ከታናሽ እህቱ ከዓይናለም ጋር የስልክ ጌም ሲሠራ የቆየ ወጣት ነው። ፕሮግራሙን እሱ ይጽፋል፤ ሥዕሉን እሷ ትሥላለች። ጨዋታው የጠፋች ጊደር ፍለጋ ዋሻ ስለገባ ሰው ነው። በየጥጉ ጨለማ አለ፤ በጨለማው ውስጥ ደግሞ ጅብ አለ፤ ጅቡም ሳይታሰብ ጮኾ ፊት ለፊት ይዘላል። የቀረው ሰውየው ጊደሯን ይዞ ከዋሻው የሚወጣበት የመጨረሻው ክፍል ሥዕል ብቻ ነበር። ዓይናለም ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ እርሳስ አልነካችም፤ ከወንድሟም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልተለዋወጠችም።

ምክንያቱን ለመናገር አፈረ፤ ቢሆንም ነገራቸው። ካቻምና በከተማው ዙሪያ ተኩስ ይሰማ በነበረበት ሰሞን ዓይናለም ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ከዚያ ወዲህ በር ድንገት ሲዘጋ እንኳ ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። ደረጄ ያለቀውን ክፍል እንድትሞክረው ስልኩን ሲሰጣት ጅቡ ጮኸ፤ እሷም ስልኩን ጥላ ወጣች። እሱ በጓደኞቹ ፊት "ፈሪ፤ የገዛ ሥዕልሽን ትፈሪያለሽ?" ብሎ ሳቀባት። በእህቱ ላይ የሳቀ ሰው ከሳቁ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ያውቀዋል፤ ደረጄም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲቀምሰው ከረመ።

"እስቲ አሳየኝ" አሉ ጋሽ ይሻው። መነጽራቸውን አጠለቁና ስልኩን ተቀበሉ። ጣታቸውን ወዲያና ወዲህ እያንሸራተቱ ጥቂት እንደሄዱ ጅቡ ጮኸ። "በስመ አብ" ብለው ብድግ ሲሉ በርጩማው ተገለበጠ፤ ቃጫውም በረንዳው ላይ ተበተነ። ሁሴን ከባንኮኒው ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ አየና ቃጫውን ሊለቅም ወጣ።

"ይህን ጩኸት ማጥፋት አይቻልም?" አሉ ሽማግሌው ትንፋሻቸው ሲመለስ።

"ጩኸቱ ከጠፋ ጨዋታው ምን ይቀረዋል፣ ጋሽ ይሻው? የሚያስፈራ ጨዋታ እኮ ነው። ሰው የሚጫወተው ሊፈራ ነው።"

"ሊፈራ የወደደ ይፍራ። እኔ የጠየቅሁህ ስለማይወደው ሰው ነው።"

"ያልወደደ ይተወው።"

"እህትህም ትተወው?"

 የተማረ ሰው በክርክር መሸነፍ አይወድምና ደረጄ ሌላ መንገድ ያዘ።

"አንቱ ራስዎ ጅራፍ የሚገምዱ ሰው ነዎት" አለ በትሕትና። "በቡሄ ልጅ ተገራርፎ አይደለም ወይ የሚጠነክረው? ፍርሃት የሚለቀው ሲጋፈጡት ነው። የፈራ ሁሉ ይቅርበት ከተባለ መቼ ሊደፍር ነው?"

ይህ አነጋገር በአገራችን ብዙ ደጋፊ አለው። ልጆቻችንን "አያ ጅቦ መጣልህ" እያልን እናሳድጋለን፤ ካስፈራናቸው በኋላ ደግሞ ፈሪ ብለን እንሰድባቸዋለን። ደረጄም ሲያድግ የሰማውን ነው የመለሰው።

ጋሽ ይሻው የያዙትን ቃጫ ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ልጄ፣ ጅራፉን ካነሣህ እንግዲህ በጅራፉ እንነጋገር። አንዱ ልጅ ቡሉኮውን ተከናንቦ መሐል ይገባል፤ ይገርፋል፣ ይገረፋል። ሌላው ዳር ቆሞ ያጮኻል እንጂ ገላውን አያስነካም። ሌላው ደግሞ ከደጁ ሆኖ ሙልሙሉን እየገመጠ ይሰማል። ከሦስቱ ቡሄን ያላከበረ የትኛው ነው?"

"ሦስቱም አክብረዋል።"

"አክብረዋል። መሐል የሚገባው በገዛ እግሩ ነው፤ ወጉ እንዲህ ነው። ይህን ወግ ያፈረስሁት እኔ ነኝ። ወንድሜን ዓለምነውን ታውቀዋለህ?"

"ሸማኔውን?"

"እሱን። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ዳር ቆሞ ማጮኽ ይወድ ነበር፤ በማጮኽ የሚስተካከለው አልነበረም። እኔ ታላቁ፣ ወንድ ላድርግህ ብዬ እጁን ጎትቼ መሐል አስገባሁት። ሲያለቅስ ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግርፋቱ በሳምንቱ ሻረ፤ ሳቁ ግን አልሻረለትም። ይኸውልህ ዛሬ ዕድሜው ስድሳ አልፎ፣ ፍልሰታ ሲገባ ልብሱን ሸክፎ የጅራፍ ጩኸት ወደማይደርስበት፣ እብናት ልጁ ቤት ይወርዳል። የሚመለሰው ቡሄ ካለፈ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የእኔን ቤት ሙልሙል ቀምሶ አያውቅም። ደፋር አደርገዋለሁ ብዬ ነበር፤ ወንድሜን አጣሁት።"

 ሁሴን የለቀመውን ቃጫ በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ታዲያ ለምን ይገምዱታል?" አለ ደረጄ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ስለምወደው ነዋ። ጅራፉ ምን አደረገ? የበደለው የጎተትሁበት እጄ ነው። አንተም ጅብህን ግደለው አላልሁህም፤ ሰው ጎትተህ አታስገባ ነው ያልሁህ።"

ሁሴን ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሽ ይሻው ይፍቀዱልኝና እኔም ልጨምር። ሥጋ ቤት ስንሄድ ሚጥሚጣው ለብቻው በሰሃን ይመጣል። አንዱ ያጠቅሳል፣ አንዱ ይነክራል፣ አንዱ ጨርሶ አይነካውም። ባለቤቱ ሥጋውን በሚጥሚጣ አሽቶ ቢያቀርብ ግማሹ ሰው ሳይበላ ይወጣል።"

ደረጄ ፈገግ አለ፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ፈገግታው ሳይሆን አይቀርም። "ለመሥራቱ ከባድ አይደለም" አለ። "ሴቲንግ ውስጥ ጩኸቱን የሚቀንስ ወይም የሚያጠፋ ቁልፍ ላስገባ እችላለሁ። ጅቡ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ምልክት እንዲሰጥም ይደረጋል። ያልፈለገ ሰው ጥላውን ብቻ አይቶ ሊያልፍ ይችላል። ግን ከነጥቡ ልቀንስበት ነው፤ ደፍሮ ያለፈና ሳይደፍር ያለፈ እኩል ሊሆን አይገባም።"

"ዳር ቆሞ ላጮኸ ልጅ ሙልሙል ሲቀነስበት አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"ጊደሯን ያገኘ፣ ጊደሯን አግኝቷል። ያገኛት መንገዱን ፈልጎ ነው፤ ስለደነገጠ አይደለም።"

ዝናቡ ሲያባራ ደረጄ አመስግኖ ሄደ። በልቡ ግን ግማሹ ብቻ ነበር የተረታው። በማግስቱ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ሦስቱንም ማስተካከያ ሠራ፤ ነጥቡንም አልቀነሰም። በላዩ ላይ ግን "ለፈሪዎች" የሚል ርእስ ጻፈበት። ቀልድ መስሎት ነበር። ሰው ስሕተቱን ሲያርም ጥቂቱን ለማስታወሻ ማስቀረት ይወዳል።

ዓይናለም ስልኩን ተቀብላ አነበበችና መልሳ ሰጠችው።

"ይህን የምነካው ፈሪ ነኝ ብዬ ፈርሜ ነው?"

ደረጄ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት የሽማግሌው ቃል ጆሮው ላይ አቃጨለ፤ "ሳቁ ግን አልሻረለትም።" ያን ጊዜ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ገባው። ፍርሃቱን ጨዋታው ውስጥ አስተካክሎ፣ ስድቡን ግን እንዳለ ትቶታል። ከእህቱ ፊት በርከክ አለ።

"በድዬሻለሁ፣ ዓይናለም። ያን ቀንም ዛሬም። ስሙን አንቺ ጻፊው።"

 እሷም ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ስባ "እንዴት ይመችዎታል?" ብላ ጻፈች። ጥያቄው በአንድ ጥግ እንዳይደበቅ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ለሁሉም ሰው እኩል እንዲቀርብ አደረገች። ጩኸቱን አጠፋች፤ ምልክቱን አበራች፤ ዋሻውንም ገባች። የደረጄ ጓደኞች በሦስት ቀን ያላገኟትን ጊደር በአንድ ሰዓት ውስጥ አገኘቻት። ከሰዓት በኋላ እርሳሷን ቀርጻ የመጨረሻውን ክፍል መሣል ጀመረች። ደረጄ ወደ ጓሮ ወጥቶ ፊቱን ታጠበ፤ ማልቀሱን ማንም እንዲያይ አልፈለገም።

የዚህ ለውጥ ጥቅም በአንድ ሳምንት ውስጥ ታየ። ቀድሞ ጨዋታውን ሞክረው ስልኩን ጥለው የሄዱ የሰፈር ሰዎች ተመልሰው ተጫወቱ። መደንገጥ የሚወዱት እንደ ወትሮው ደነገጡ፤ ከእነሱ የተወሰደ ነገር የለም። ያን ቀን አብረው ከሳቁት ጓደኞቹ ሁለቱ፣ ሌላው ሳያያቸው ጩኸቱን ዝቅ አድርገው መጫወታቸው ታወቀ። ዓይናለም በአራተኛው ቀን ማንም ሳይላት ጩኸቱን በአንድ እርከን ከፍ አደረገችው። በማግስቱ መልሳ ዝቅ አደረገችው፤ ደረጄም ምርጫውን ለእሷ ተወላት። ሥራ የሚሠራልን ሰው ሁሉ፣ አስተማሪም ቢሆን ወላጅ፣ በሩን ከፍቶ ደጁ ላይ ቢጠብቀን ስንቱ በራሱ ጊዜ ይገባ ነበር።

በቡሄ ዋዜማ ደረጄ ይህን ሊነግራቸው ጋሽ ይሻው ቤት ሄደ። ሽማግሌው የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ይለማመጡ ነበር፤ ዘንድሮ ጅራፉ ከወንዙ ማዶ ባለው ሜዳ እንዲሆን። ልጆቹ አጉረምርመው፣ አዲስ ጅራፍ እየተቀበሉ ተስማሙ። ከሄዱ በኋላ ጋሽ ይሻው አሮጌ ስልካቸውን ለደረጄ ሰጡት።

"ዓይኔ ቁጥሩን አይለይልኝም። ዓለምነውን ጥራልኝ።"

ስልኩ እብናት ጠራ፤ ተነሣ። ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ዓለምነው፣ እኔ ነኝ፣ ይሻው። ዘንድሮ ጅራፉ ከወንዙ ማዶ ነው። ከሰፈራችን አይጮኽም። ሙልሙል ተጋግሯል። ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ባትመጣም አልቀየምህም። ያን ቀን ስስቅብህ በድዬህ ነበር።"

ደረጄ አጠገባቸው ሆኖ ይሰማ ነበር። 

"ሜዳው ምን ያህል ይርቃል?" አለ ከወዲያ በኩል የዓለምነው ድምፅ።

ጋሽ ይሻው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"አንተ የምትለውን ያህል" አሉ።