አልወርድ ያለው ተሳፋሪ

ባለፈው ሐምሌ ወደ ነቀምት ለመሄድ አንገር ጉቲን መናኸሪያ ስደርስ ባዶ ሚኒባስ ቆሞ አገኘሁ። ሰዉ ከአጥሩ ሥር ተጠልሎ ያየዋል እንጂ ደፍሮ የሚገባ አልነበረም። እኔ ስገባ አንዲት ወጣት ተከተለችኝ፤ ወዲያው ወንበሩ ሁሉ ሞላ። በመጨረሻ የገቡት በሰፈራው ዘመን ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁት አቶ አምሳሉ ናቸው። ረዳቱ አንድ ማዳበሪያ ከሰላቸውን ከላይ ጫነላቸው።

ወጣቲቱ ሩት ትባላለች፤ ነቀምት በላቦራቶሪ ሙያ የምታገለግል ናት። “አባቴ፣ ከሰሉ ለሽያጭ ነው?” አለቻቸው።

“ኧረ ለልጄ ለታንጉት ነው። ከወለደች ስድስት ቀኗ፤ የነቀምት ብርድ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። በር መስኮቱን ጥርቅም አድርጋችሁ አንድዱላት ብያለሁ።”

“ከሰል በተዘጋ ቤት ይገድላል እኮ!”

“አይ የዛሬ ልጆች! እናቷ አምስት ስትወልድ በከሰል ነው የሞቀች። ማን ሞተ?” ተሳፋሪው ሳቀ።

ሩት አልተቆጣችም። “ያኔ ቤታችሁ ምን ነበር?”

“እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ፀሐይ በስንጥቁ ይገባ ነበር።”

“የታንጉትስ?”

“ብሎኬት ነዋ! መስኮቱም መስተዋት” አሉ ኮራ ብለው።

“እንግዲህ ያኛው ቤት ይተነፍስ ነበር፤ ይህኛው አይተነፍስም። አባቴ፣ ይህን መኪና አይተውት የለ? በደማችን ውስጥም ሄሞግሎቢን የሚባል አየር አመላላሽ አለ፤ አራት ወንበር አለው። ባዶውን መድፈር ይከብዳል። አንዱ አየር ሲቀመጥ ግን የቀሩት ወንበሮች ይላላሉና ሌሎቹ ቶሎ ይሳፈራሉ። መድረሻው ላይም አንዱ ሲወርድ ለሌላው መውረድ ይቀለዋል።”

“ታዲያ ከሰሉ ምን በደለ?”

“ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ወንበር ይሻማል፤ ከተቀመጠም በቀላሉ አይወርድም። ይባስ ብሎ የቀሩት ወንበሮች የያዙትን አየር ጨምድደው እንዳይለቁ ያደርጋል። ደሙ አየር እንደያዘ ይዞራል፤ ልብና አንጎል ግን ይራባሉ። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው፣ ቀጥሎ እንቅልፍ፣ ከዚያ…”

የአቶ አምሳሉ ፊት ተለወጠ። “ራስ ምታት አልሽ? ጠዋት ታንጉት ደውላ ራሴን ፈለጠኝ፣ ሕፃኑም ጡት አልይዝ አለ ብላኝ ነበር። እኔ ምች ነው፣ ቀዳዳውን ሁሉ ድፈኑ አልኋት!”

ሽማግሌ ቃሉን በሰው ፊት ማጠፍ ሞት ይመስለዋል፤ እኔም ሽማግሌ ነኝና አውቀዋለሁ። እርሳቸው ግን ወዲያው ለአማቻቸው፣ ለታንጉት ባል ደወሉ። “ነገራ፣ ደፊ!” አሉት በኦሮምኛ፤ “ቶሎ በል! እሳቱን አውጣ፣ በር መስኮቱን በርግድ! አዎን፣ ያዘዝሁ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ሁለቱንም ሐኪም ቤት አድርስ!”

ከዚያ በኋላ በመኪናው ውስጥ የሳቀ አልነበረም። ነቀምት ልንገባ ስንል የአቶ አምሳሉ ስልክ ጮኸ፤ ነገራ ነበር። ለእናትም ለልጅም ኦክስጅን ተሰጥቷቸዋል፤ ታንጉት ነቅታለች፤ ሕፃኑም ጡት ይዟል። አቶ አምሳሉ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ስንወርድ ረዳቱ “ከሰሉንስ?” አለ።

“አውርደው፤ ደጅ ውኃ ይፈላበታል። አራስ በብርድ ልብስ ትሞቃለች፤ መስኮቷም ገርበብ ይላል።” ወደ ሩት ዞሩ። “ልጄ፣ ጉቲንም ብሎኬት ቤት እየበዛ ነው። ለሰዉ እኔው እነግራለሁ። የመጀመሪያው ወንበር ነው የሚከብደው፤ እርሱን እኔ እቀመጥበታለሁ።”