በመቀነት የታሰረው ልጅና የሳፋው ውሃ

በደርግ ጊዜ፣ ሽምብጥ በሚባለው ሰፈር ሳለን፣ የጣና ውሃ ክረምት ሲገባ እስከ ጓሯችን አጥር ይመጣ ነበር። አምባዛው ከመብዛቱ የተነሣ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት ዓሣውን በእጃቸው «እለፍ፣ እለፍ» እያሉ ነበር ብል የሚያምነኝ የለም። ግማሹ ግን እውነት ነው። ያ ግማሹ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ከእነዚያ ማለዳዎች ባንዱ ዓሣዬን ታንኳ በሚሠራበት የባሕር ቄጠማ፣ በደንገል አንጠልጥዬ ከታንኳ ስወርድ የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴን ልጅ ፅጌ ማርያምን መንገድ ላይ አገኘኋት። አዲስ አበባ የሕፃናት አያያዝ ተምራ በቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት የተቀጠረችው በዚያው ዓመት ነበር። ለጎረቤቴ ለእሜቴ ወለተ ሩፋኤል ዓሣ ላደርስ እንደሆነ ስነግራት፣ እሷም ወደዚያው እንደምትሄድ፣ የእሜቴ ልጅ ሸዋዬ ልጇን እንድታይላት እንደለመነቻት ነገረችኝ።

ሸዋዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። ክንዱ የሚባለው ልጇ ሁለት ዓመት አልፎት አንዲት ቃል አልወጣውም። አያቱ እሜቴ ባሕሩ እንዳይወስደው ፈርተው ወገቡን በመቀነት ከምሰሶው ጋር አስረው ነበር የሚያውሉት። ዝም ማለቱን ሲያዩ ደግሞ ቆሪጥ የተባለው የባሕር ጋኔን አፉን ይዞታል ብለው፣ ከባሕር ርቆ እንዲያድግ ቅዳሜ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ዱርቤቴ ይዘውት ሊሄዱ ቆርጠዋል። ሸዋዬ ሥራዋን ብትተው የሚበሉት የለም፤ ልጇን ብትሰጥ ደግሞ ቤቷ ባዶ ነው።

ስንገባ እሜቴ ጥጥ ይፈትላሉ፤ ክንዱ ምሰሶው ሥር ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ፅጌ ማርያም ጉልበት ስማ ከተቀመጠች በኋላ፣ ልጁን ከባሕር መጠበቃቸውን አመሰገነች። ከዚያ አጠገቡ ሆና እየጠበቀች እንድትፈታው ፈቃድ ጠየቀች። የምትፈልገውም አንድ ሳፋ ትንሽ ውሃ፣ የቅል ቁራጭ፣ ሻካራ የቆረቆንዳ ድንጋይና ደንገል ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣» አሉ እሜቴ፣ «ውሃ ማንቦጫረቅ ምን ትምህርት ይሆናል? ያባትሽ ተማሪዎች ፊደል የቆጠሩት በሳፋ ነው?»

«አይደለም፣ እሜቴ። ግን ፊደል የሚቆጥረው አስቀድሞ አፉን የፈታ ልጅ ነው። ክንዱ ምን ዐይቶ፣ ምን ዳስሶ ይናገር? የሚያየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ደግሞ አያናግርም።»

እኔም ላግዛት ብዬ ሽምብራ እንዲዘረገፍለት ሐሳብ አቀረብሁ፤ አያቴም ሽምብራ ሲቆጥር አድጎ የጣናን ማዕበል እስከ መቁጠር እንደ ደረሰ ተረክሁ።

«አንተ ቀጣፊ፣ ዓሣህን አስቀምጥና አርፈህ ተቀመጥ» አሉኝ። «እህል የእግዜር በረከት ነው፤ መጫወቻ አይደለም።»

ፅጌ ማርያም ከኔ ይልቅ እሳቸውን ደገፈች። ለካ ሽምብራ በሕፃን አፍንጫ ይገባል፤ ጉሮሮም ያንቃል። ለትንሽ ልጅ የሚሰጠው ከአፉ የሚበልጥ ነገር ነው አለችና ወደ እንዝርታቸው ዞረች።

«ቀጭኑን ፈትል ከወፍራሙ በምን ይለዩታል፣ እሜቴ? በዓይንዎ ነው?»

«በዓይን የሚለይ ፈታይ የት አለ? በጣት ነው እንጂ።»

«ጣትዎን ማን አስተማረው?»

እሜቴ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ዱርቤቴ፣ እናታቸው እግር ሥር ጥጥ እየበታተኑ እንዳደጉ ነገሩን። «እናቴ ‹ይህ ባዘቶ ነው፣ ለስላሳ፤ ይህ ፍሬ ነው፣ ጠንካራ› ትለኝ ነበር። አልተቆጣችኝም» አሉ። ከዚያ «ለዛሬ ብቻ» ብለው መቀነቱን በገዛ እጃቸው ፈቱት።

ክንዱ መጀመሪያ አንድ ጣቱን ነከረ፤ ቀጥሎ ሁለቱንም እጁን። ፅጌ ማርያም የነካውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ ይህ ቀዝቃዛ፣ ይህ ሻካራ፣ ደንገሉ ተንሳፈፈ፣ ድንጋዩ ሰመጠ እያለች። እሜቴ ወለሉ ረጠበ እያሉ ሲያጉረመርሙ ቆይተው፣ ቅል እንዲህ አይያዝም ብለው ተቀበሉት። ከፍ አድርገው ውሃውን አንዠቀዠቁት። የዱርቤቴ ምንጭ ድምፅ ነው አሉ። ደገሙት፤ ሠለሱት፤ እኛን ሁሉ ረሱን። ክንዱ እጁን ይዘረጋል፣ እሳቸው ያንቆረቁራሉ፤ ይዘረጋል፣ ያንቆረቁራሉ።

«የኔ» አለ ልጁ።

እሜቴ ቅሉን አስረከቡትና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ሸዋዬ ከፈረቃ ስትመለስ ፀጉሯ ላይ ብናኝ ጥጥ ነበር። እናቷ ምንም ሳይነግሯት ቅሉን ከልጇ እንድትቀበል አዘዟት። እጇን ስትሰድ «የኔ» ብሎ ነጠቃት። እርጥቡ ወለል ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ፣ እንደገና እንዲነጥቃት እጇን ዘረጋች።

ቅዳሜ የዱርቤቴ አውቶቡስ ሲያልፍ እሜቴ ደጃቸው ላይ የሰፈሩን እናቶች ሰብስበው ይመክሩ ነበር። ጨዋታ የልጅን ጣት ያበረታል፤ አፉን ይፈታል፤ መጫወቻ ለመግዛት ገበያ መውጣት አያሻም። ልጅን ከውሃ ጋር ለብቻው አትተዉት፤ ሲጨርስ ውሃውን ድፉት፤ የሚነካውን ሁሉ በስሙ ንገሩት ይሉ ነበር። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቅሉንም ለልጁ ልቀቁለት።