ለዊኒ ጥርስ ስንት ይበቃል?

— ሄሎ… ሄሎ? ማን ልበል?… ኧረ ጆዲ! እጄ ሳሙና ስለሆነ ቁጥሩን ሳላይ ነው ያነሳሁት። እንዴት ነሽ?… ምነው፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?… ደህና ናት! ደህና ናት አልኩሽ! ገንዳ ውስጥ ገብታ እየታጠበች ነው።… አይ፣ የባሕር ድምፅ አይደለም፣ የልጅሽ መንቦጫረቅ ነው። ትናንት ከመርከብ ወረድኩ እኮ። እስከ ሰኞ የኔ ናት፣ አንቺም እግርሽን ዘርግተሽ ዕረፊ።

— ዊኒ! እናትሽ ናት!… የለም፣ እኔን ነው የፈለገችው! አንቺ ፀጉርሽን ታጠቢ!

— እሺ ጆዲ፣ ንገሪኝ።… የምን ጥርስ?… ወለቀ? አላየሁም።… ከታች፣ በጎን በኩል?… ኧረ እኔ ምንም አላየሁም!… ቆይ፣ ቆይ። ምሳ ላይ ዓሣና የድንች ጥብስ ስትበላ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር። እኔማ ሥርዓት አስተማረችልኝ ብዬ በልቤ ሳመሰግንሽ ነበር።… ረቡዕ? ረቡዕ ወልቆ ነው ዛሬ ቅዳሜ የምትሰሚው?… ማን ነገረሽ?… አስተማሪዋ፣ ገበያ ላይ አግኝታሽ። ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ አብረሻት… አይ፣ መውቀሴ አይደለም! እኔ ማን ሆኜ ነው የምወቅስሽ?

— ለምን ትደብቅሻለች?… እ።… እ።… ቀስ በይ ጆዲ፣ ጆሮዬን ልታፈነጂው ነው።… አዎ፣ ሃያ ፓውንድ። በፋሲካ፣ አዎ።… እኔ ነኛ! ትራሷ ሥር ማን ያስቀመጠው መሰለሽ፣ ያቺ የወለቀ ጥርስ ወስዳ ገንዘብ ትተዋለች የምንላት ጥርስ ሰብሳቢ እውነት ክንፏን አውጥታ በመስኮት ገብታ ነው?… አትሰማም። በሩን ዘግቼዋለሁ።

— ሳንቲም አልነበረኝማ! ከመርከብ በወረድኩ ቀን ማታውኑ ጥርሷ ወለቀ፣ ኪሴን ስፈትሽ ያለው አንድ ሃያ ፓውንድ ብቻ ነው። ምን ላድርግ፣ መልስ ስጪኝ ልበላት?… አውቃለሁ፣ አንቺ ቤት ሁልጊዜ አንድ ፓውንድ ነው።… ማ? ጎረቤትሽ? ሦስቱም ልጆቿ? «የኛ ጥርስ ከዊኒ ጥርስ በምን ያንሳል» አሏት?… አልሳቅኩም።… እሺ ሳቅኩ፣ ይቅርታ።… ልክ ነሽ፣ ብቻዋን ሦስት ልጅ ይዛ… አዎ። መንገድ ላይ ሰላም ካላለችሽ የኔ ጥፋት ነው። እሺ፣ አፍሬያለሁ።

— ጆዲ።… ሳንቲም ነበረኝ።… ነበረኝ አልኩሽ፣ ቅድም ስዋሽሽ ነው። አንድ ፓውንድ አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩና ሳየው አነሰብኝ። አሥራ አራት ቀን ባሕር መሀል የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ብሎን ሳጠብቅ ከርሜ መጥቼ፣ ልጄን በአንድ ፓውንድ? ትልቅ ነገር ካየች የኔን ቤት አትረሳም ብዬ ነው። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

— እና አሁን አንቺን ደብቃ ጥርሷን እኔ ጋ ይዛ መጣች ነው የምትይኝ? ለሃያ ፓውንዱ?… አይ፣ ደስ አላለኝም።… ትንሽ።… ትንሽ ደስ ብሎኛል፣ ምን ላድርግ! እዚህ ቤት ወዳና ፈቅዳ ያመጣችው ነገር ኖሮ አያውቅም። ፒጃማዋን እንኳ ረስታ ነው የምትመጣው።… እንዲህ አትበይ። ልጅ እናቷን በሃያ ፓውንድ አትለውጥም።… መኪና ውስጥ ነው ያለቀስሽው? የት?… ሱፐርማርኬት በር ላይ? ኧረ በፈጠረሽ ጆዲ!

— እሺ፣ ላይልሽ። ክፍሏ ገባሁ።… ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ይታየኛል። ትራሷ ሥር… አገኘሁ። የክብሪት ሣጥን ናት። ጥርሷ… አቤት ስታንስ!… ወረቀትም አለ። «ለጥርስ ሰብሳቢዋ» ይላል።… ላንብብልሽ? የሰው ደብዳቤ ነው እኮ።… እሺ።

— «ውድ ጥርስ ሰብሳቢ፣ ባለፈው አባዬ ቤት መጥተሽ ሃያ ፓውንድ ሰጥተሽኛል። በጣም አመሰግናለሁ። ግን ደብዳቤ አልጻፍሽልኝም። እማዬ ቤት ስትመጪ ሁልጊዜ ትጽፊልኛለሽ። አባዬ ቤት ስሆን…»

— አለሁ፣ አለሁ።… «አባዬ ቤት ስሆን አታውቂኝም? እኔ ያው ዊኒ ነኝ። ሃያውን መልሼልሻለሁ። በሱ ፈንታ ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

— ጆዲ?… ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?… ሃያው እዚሁ ወረቀቱ ውስጥ አለ። አራት ቦታ ተጣጥፎ። ከፋሲካ ጀምሮ አልነካችውም።

— …እኔም እንደዚያው ነው ያሰብኩት። ለገንዘቡ ነው ብዬ። አንቺም አለቀስሽ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ሁለታችንም ደደቦች።… ደብዳቤ እንደምትጽፊላት መቼ ነገርሽኝ?… በስልክ?… ሦስት ጊዜ? እኔ ምን አልኩሽ?… «ጥሩ ነው» አልኩሽ። አዎ፣ እላለሁ። ሳልሰማሽ ነው ጆዲ። እኔ «ጥሩ ነው» ካልኩ ሳልሰማ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ ይሄ ይጠፋሻል?… አይጠፋሽም። ለዚህም አይደል የሄድሽው።

— መጣሁ ዊኒዬ! አሁን መጣሁ! ፎጣው በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ግን ገና አትውጪ! ከጆሮሽ ኋላ ታጥበሻል?… ድጋሚ እጠቢው!

— ቶሎ በይ፣ ጊዜ የለኝም፣ እንዴት ነው የምትጽፊው? ወረቀት ይዣለሁ።… አረንጓዴ ቀለም? ከየት ላምጣ? ያለኝ የሥራ ማርከር ነው፣ ብረት ላይ የምንጽፍበት።… በግራ እጅሽ? ጽሕፈቱ እንዲንጋደድ ነዋ! እኔ በቀኜም ያው ነው፣ አታስቢ።… የተለየ መሆኑን ብታውቅስ? የኔን፣ የወደቡን ሠፈር የምትይዘው ሌላ ተረኛ ናት እንበላት?… አይሆንም? እሺ፣ ያቺው ናት።

— «ውድ ዊኒ»… ጻፍኩ። ከዚያስ?… ስለ ሳምንቷ ልጠይቃት? ምን ብዬ?… የመዋኛው? የምን መዋኛ?… ማክሰኞ? ሃያ አምስት ሜትር ሙሉ? ሳታቋርጥ?… ምንም አልነገረችኝም።… ልክ ነሽ፣ አልጠየቅኳትም። ትናንት ከመጣች ጀምሮ የጠየቅኳት «ራበሽ ወይ» እና «ቴሌቪዥን ልክፈትልሽ ወይ» ብቻ ነው።… ጥልቁ ጋ ስትደርስ ፈራች? ከዚያስ?… ዓይኗን ጨፍና? ዓይኗን ጨፍና ጨረሰችው?… እዚያ መሆን ነበረብኝ ጆዲ። አውቃለሁ፣ ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መሆን ነበረብኝ።

— ጻፍኩት፣ ስለ መዋኛው። ቀጣዩን ንገሪኝ።… እኔው? ኧረ ተይ፣ አልችልበትም! አንቺ በይና እኔ ልገልብጥ።… ጆዲ።… ከራሴ ልጻፍ ነው የምትይኝ?… እሺ። እሺ፣ ቆይ።

— …

— ሄሎ፣ አለሽ?… ጻፍኩት፣ ስሚኝ፣ እንዳትስቂ። «ባለፈው ሳልጽፍልሽ የሄድኩት ስላላወቅኩሽ አይደለም። ባሕር ላይ ስሆን እንኳ ስምሽን እጠራዋለሁ። ስመጣ ግን ምን እንደማወራሽ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ትቼ ሄድኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»… አለቀ።… ምን?

— ውይ! «ባሕር ላይ»! ጥርስ ሰብሳቢ ባሕር ላይ ምን ትሠራለች! እሰርዘዋለሁ። ነገ ጠዋት ስታነበው ወዲያው ነው የምትነቃብኝ።… ልተወው?… እርግጠኛ ነሽ?… ብታውቅስ?… እሺ። እንዳለ ይቆይ።

— እያለቀስሽ ነው?… አይ፣ ለሷ ነው የጻፍኩት።… እሺ። ላንቺም ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሄጂ መጻፍ የነበረበት ነው፣ አውቃለሁ።… አይ፣ ምንም እንድትዪኝ አይደለም። ዝም ብለሽ ስሚው።

— ስንት ላስቀምጥላት?… አንድ ፓውንድ፣ ተስማማን፣ አንቺም ቤት እኔም ቤት አንድ። የሱፐርማርኬት ጋሪ ከሰንሰለቱ የማስፈታባት ሳንቲም መኪናዬ ውስጥ አለች፣ ወርጄ አመጣታለሁ። ሃያውን ግን ምን ላድርገው? እንዴት ኪሴ ልክተተው?… እሺ፣ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። እንደተጣጠፈ።

— ምን አልሽ ዊኒዬ? ጮክ በይ፣ አልሰማሁሽም!… ቆይ ጆዲ፣ የሆነ ነገር እየጠየቀችኝ ነው።… «ጥርስ ሰብሳቢዋ የኛን ቤት ዛሬ ታገኘዋለች ወይ» ነው የምትለው። እራት ላይም ጠይቃኝ «ጥሩ ነው» ብያታለሁ።… አይ፣ አንቺ አትንገሪኝ። እኔ እመልስላታለሁ።

— ታገኘዋለች የኔ እናት! መንገዱ ጠፍቷት ቆይቶ ነው እንጂ ታገኘዋለች! ፎጣሽን ልበሽና ነይ፣ ማክሰኞ ስለዋኘሽው ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ!

— ጆዲ፣ ልዝጋው። ቴሌቪዥኑንም ላጥፋው።… ቻው።