የጋሽ ጥላዬ ብቸኛ ቅጂ

ለንደን ውስጥ አርችዌይ ያለችው የሳህሌ የስልክና የኮምፒዩተር መጠገኛ ሱቅ የገባሁት የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ላስቀይር ነበር። ሃያ ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚያው ስጮህ ዋልኩ። ስለ ጩኸቴ ይቅርታ አልጠይቅም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ተራዬን ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ በፎጣ የተጠቀለለ ላፕቶፕ በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ጋሽ ጥላዬ ይባላሉ። የሚኖሩት ኤድመንተን ነው፤ ፓርክ ሮያል ውስጥ በአንድ የምግብ መጋዘን ካርቶን ሲደረድሩ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ዕለት ከባለ ሁለት ፎቅ ባስ ላይኛው ፎቅ ሲወርዱ ላፕቶፑ ከእጃቸው አምልጦ ደረጃውን ሁሉ ተንከባሎ ወርዷል።

ሳህሌ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ሃርድ ዲስኩ ይንቋቋል፣ ጋሼ። ውስጡ ምን አለ?»

«መጽሐፍ።»

«ከኢንተርኔት ያወረዱት?»

«የጻፍኩት! አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ልብ ወለድ። ሠላሳ አንድ ምዕራፍ።»

«ሌላ ቅጂውስ የት ነው?»

«ሌላ የለም።»

እዚህ ላይ አፌን መያዝ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት መረጃ እንዳይጠፋ ማድረግን ነው፤ በዚህ ዓመት ብቻ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ ሦስተኛዬ ነው። ዳናዊት የምትባል ጓደኛዬ የሁለት ዓመት የጥልፍ ንድፏን ባስ ውስጥ ከረሳችው ታብሌት ጋር ሸኝታለች። አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ደግሞ ሻይ ደፍቶ የሰባት ሙሽሮችን ፎቶ አጥፍቷል። ሁሉም ከጠፋ በኋላ ያለቅሳሉ፤ ከመጥፋቱ በፊት ግን አንዳቸውም አይሰሙም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ በስልክዎ ላይስ የለም?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«ነጅዋ እባላለሁ፣ የተውፊቅ ልጅ። በስልክዎ ላይስ?»

«በስልኬ የምጽፈው ሥራ ቦታ፣ በእረፍት ሰዓት ነው። ቤት ስገባ በሽቦ አገናኝቼ ወደ ላፕቶፑ ካት አደርገዋለሁ።»

«ኮፒ ነው ካት?»

«ካት ነው እንጂ! ኮፒማ አንዱ ከኋላ ይቀራል።»

«እንዲቀር አይደል እንዴ!»

«ቀስ በይ፣ ሱቄ ነው» አለ ሳህሌ ላፕቶፑን እየፈታ።

ጋሽ ጥላዬ ግን አሠራራቸውን በኩራት ያስረዱኝ ጀመር። ጠዋት ሲወጡ የያዙትን ምዕራፍ ከላፕቶፑ ወደ ስልካቸው መልሰው ካት ያደርጋሉ። «አንድ ቀን ረስቼው ወጣሁና ምዕራፍ አሥራ ሁለትን በቃሌ ስልኬ ላይ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ቤት ገብቼ ሳስተያየው ላፕቶፑ ላይ የሞተው ሰውዬ ስልኬ ላይ ምሳ ይበላል።»

ሳህሌ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ጋሼ፣ ይህን ሥራ ማሽኖቹ ራሳቸው ይሠሩልዎታል። ስልክዎ ላይ የጻፉት መስመር በኢንተርኔት በኩል ወዲያው ላፕቶፑም ላይ ይገኛል። ሽቦ የለ፣ ካት የለ። ሰውዬውም በሁለቱም ላይ ሞቶ ያርፋል።»

«በኢንተርኔት? በማላውቀው ሰው ዕቃ ላይ? የጻፍኩት በሱዳኑ ገዳሪፍ በኩል ስለወጡ ስደተኞች ነው። ስማቸውን ቀየርኩ እንጂ ሰዎቹ በሕይወት አሉ።»

«በፓስዎርድ ይቆለፋል።»

«ቁልፍ የሚሰብር መቼም አይጠፋም። ልጅ ነሽ፣ አታውቂም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በስድሳ ዘጠኙ አሰሳ ጊዜ ዘማርያም የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ገጣሚ ነበር። አንዱን ረጅም ግጥሙን ስለወደድኩት በእጄ ገልብጬ ፍራሼ ሥር አስቀመጥኩ። ከግርጌውም ስሙን ጻፍኩበት። አሳሾቹ ሲመጡ እኔ ቤት አልነበርኩም። ወረቀቱን አገኙት። ሰባት ዓመት ታሰረ። ያሳሰረው ሁለተኛው ቅጂ ነው፤ የእኔ ቅጂ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ሁሉ አንድ ነው፤ እሱም ከእኔ ጋር ነው።»

ጨዋ ልጅ ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ ዝም እል ነበር።

«የዘማርያም የራሱ ጽሑፍስ?»

«እናቱ የዚያኑ ዕለት እሳት ውስጥ ከተቱት።»

«ታዲያ ዛሬ ግጥሙ ማን ጋ አለ?»

«ማንም ጋ የለም። እሱም ከተፈታ በኋላ ብዙ አልቆየም።»

«እንግዲያው አሳሾቹ የፈለጉትን አግኝተዋል። ግጥሙ የለም። የእርስዎን መጽሐፍ ለማጥፋት ግን አሳሽም አላስፈለገም፤ አንድ የባስ ደረጃ በቃው።»

«አፍሽን ያዢ!» ብለው ብድግ አሉ። «አባትሽ እንዲህ ነው ያሳደገሽ?»

«አባቴ እዚህ ቢኖር ከእኔ ብሶ ይጮህ ነበር! ጋሼ፣ ያን ጊዜ መደበቅዎ ልክ ነበር። እኛም በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ስንወጣ ወረቀት አቃጥለን ነው የወጣነው፤ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። እዚህ ግን ፍራሽዎን የሚገለብጥ የለም። እዚህ የሚያጠፋዎት ደረጃ ነው፣ ሻይ ነው፣ ሌባ ነው፣ እርጅና ነው፤ የማሽኑም የእርስዎም። ከእነዚህ ደግሞ መደበቅ አያድንም፤ የሚያድነው መብዛት ነው።»

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳህሌ ጮኸ። «ተነሳ! ዲስኩ ተነሳ። ግን ድምፁን ስሙት፤ አሁን ከቆመ አይመለስም። በዚህ አዲስ ማስቀመጫ ላይ ልገልብጥ? ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሱቅ አይቀርም። ቶሎ በሉኝ!»

ጋሽ ጥላዬ አዩኝ። ላፕቶፑ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

«ቆይ፣ እኔ ራሴ» አሉና ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። ምዕራፎቹን መረጡ። ከዚያ ጣታቸው ሳያስቡት ወደ ካት ሄደ። የእጃቸውን አንጓ ያዝኩ። ፍርሃቱ ከአእምሯቸው ወጥቶ ቢሆን እንኳ ከጣታቸው አልወጣም ነበር።

«ኮፒ ነው፣ ጋሼ።»

«ኮፒ» አሉ ቀስ ብለው። ተጫኑት።

ሃያ ሰባት ምዕራፍ አለፈ። ሃያ ስምንተኛው ላይ ዲስኩ አንዴ ተንቋቋና ዝም አለ። ሳህሌ ደጋግሞ ቢሞክርም አልተነሳም። አራት ምዕራፍ ጠፋ። ጋሽ ጥላዬ ፎጣውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉ። አላጽናናኋቸውም። «ሃያ ሰባቱን አሁኑኑ እናብዛቸው» አልኳቸው።

አበዛናቸው። አንዱ ቅጂ ኤድመንተን ቤታቸው ይቀመጣል። ሁለተኛው እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ፓስዎርድ ተቆልፎ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ከስልካቸውም፣ ሳህሌ አዲስ ዲስክ ከተከለለት ላፕቶፓቸውም ጋር ራሱን ያስተካክላል። ሦስተኛው ቤታቸው ቢቃጠል የማይነካው ቦታ እንዲሆን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡ። «አንቺ ጋ ይሁን» አሉ። «ቁጡ ነሽ፤ ቁጡ ሰው ዕቃ አይጥልም።»

ይህ ከሆነ አምስት ወር አልፏል። አራቱን ምዕራፎች እንደገና ጻፏቸው፤ ከበፊቱ ይሻላሉ ይላሉ፣ እኔ ግን አላምናቸውም። ባለፈው ወር ስልካቸው መጋዘን ውስጥ ከእንጨት መደራረቢያ ሥር ገብቶ ተጨፈለቀ። እየሳቁ ከሥራ ባልደረባቸው ስልክ ደወሉልኝ። «የረፋዱን ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ አገኘዋለሁ አይደል?» አገኙት። አንድ መስመር አልጎደለም። ድሮ ቢሆን ያን ቀን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይቀብሩ ነበር። አሁን የሚያርሙት ያለፍርሃት ነው፤ የተበላሸ ገጽ ቢኖር የትናንቱ አለላቸው።

ይህን የምታነቡ፣ ዜማም ሆነ ንድፍ ወይም ጽሑፍ በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ይህን ገጽ አስቀምጡና አሁኑኑ ተነሱ። በሦስት ቦታ አድርጉት፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ደረጃው እናንተን አይጠብቅም።

ጋሽ ጥላዬ በቅርቡ አድሰው የሰጡኝን ማስቀመጫ ስከፍተው ከምዕራፍ አንድ በፊት የተቀመጠ ሌላ ፋይል አገኘሁ። ስሙ «ዘማርያም» ይላል። ደውዬ ጠየቅኋቸው።

«ከግጥሙ በቃሌ የቀረኝ ይኼው ነው» አሉ።

አራት መስመር ነው። አሁን በሦስት ቦታ አለ።